መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የመጽሐፍ ኪራይ፣ ደብረ ማርቆስ

ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ ናት። ስም አልተጻፈባትም፤ ሰው «ጋሼ ጋ» ነው የሚላት። አንድ መጽሐፍ ለሳምንት 15 ብር ይከራያል። 100 ብር መያዣ ትሰጣላችሁ፣ ስትመልሱ ትወስዳላችሁ።

እኔ የሩሲያ ልቦለድ ነው የምከራየው። በደርግ ጊዜ ሞስኮ ታትመው የመጡ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ አሉ። መጀመሪያ ጋሼ የሰጠኝ በ1842 እ.ኤ.አ. የታተመውን የጎጎልን «ካፖርት» ነበር። አካኪ አካኪየቪች ዕድሜውን ሙሉ የቢሮ ወረቀት ሲገለብጥ ኖሮ ይሞታል። ቢሮው መሞቱን የሰማው ከተቀበረ በአራተኛው ቀን ነው። እድርና ጥሩምባ ነፊ ባለበት አገር ላደግኩ ሰው ይሄ አልዋጥልሽ አለኝ።

ቀጥሎ ቼኾቭን ሰጠኝ። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣች አጭር ታሪክ ናት። ኢዮና በፈረስ ሰው የሚያመላልስ ሽማግሌ ነው። ልጁ ሞቶበታል። በበረዶው ውስጥ ለተሳፋሪዎቹ ሊነግራቸው ይሞክራል፣ የሚሰማው የለም። ማታ ጋጣ ገብቶ ለባዝራው ይነግራታል። እሷ ድርቆሽ ታኝካለች።

አባቴ ቡሬ ላይ ጋሪ ነጂ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ማታ ማታ ፈረሱን ያወራው ነበር። ልጓሙን እያወለቀ፣ የአንገቱን ላብ በጆንያ እየጠረገ፣ «ዛሬም ገበያው ቀዘቀዘብን አይደል?» ይለዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔና ወንድሜ በር ሥር ተደብቀን እንስቅ ነበር። ሰልስቱም አርባውም ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። ከአርባው በኋላ ግን እንዴት ነህ ያለው የለም። እኛም አላልነውም።

መጽሐፉን ስመልስ ጋሼ እንደ ልማዱ «እሺ ልጄ፣ ምን አገኘሽበት?» አለኝ። ሌላ የትም ቦታ መጽሐፍ አከራይ ይሄን ሲጠይቅ አላየሁም። ዱካ ሳበልኝ። የአባቴን ፈረስ ነገርኩት። መሃል ላይ ደንበኛ ሲመጣ «ትንሽ ታገሠኝ» አለውና ወደ እኔ ዞረ።

ጉድለትም አላት። ክረምት ጣሪያው ስለሚያፈስ የታችኛው መደርደሪያ መጻሕፍት ሻግተዋል። ከቼኾቩም ሁለት ገጽ ተቀዷል፤ ግን የጎደለውን ገጽ ቁጥር ሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ ስለሚጽፍ ሳታውቁ አትወስዱም። እሁድ ዝግ ነው።

ቼኾቩን የምትፈልጉ እስከ ሌላው ሳምንት ታገሡኝ። ኪራዩን አራዝሜ ቡሬ ለወንድሜ ልኬለታለሁ።