ደብተር የምትጠርዝ ሴት የፋብሪካ ደብተር ስትገመግም

ሰላም ሰላም፣ በተለይ ለምትጽፉ ሰዎች። "ራስሽን አስተዋውቂ" ስባል ሁሌ አፌ ይተሳሰራል፣ ስለዚ በማውቀው በር ልግባ ብዬ እናንተ በየቀኑ የምትይዙትን እቃ ሪቪው ላደርግላችሁ ነው። ባጭሩ የእጅ ስራ ሰራተኛ ነኝ፣ ደብተር እጠርዛለሁ፣ ማለት ወረቀት አጥፌ፣ እጥፋቱን በወስፌ በስቼ፣ ሰም በተቀባ የተልባ ክር ሰፍቼ፣ ካርቶን አልብሼ ደብተር አደርገዋለሁ፣ ሲያሰኘኝ ደግሞ ሽፋኑ ላይ እጠልፍበታለሁ። መጻፍም ጀምሬያለሁ፣ ግን እሱን ገና ለሰው ስለማላሳይ አትጠይቁኝ።

ሪቪው የማደርገው ደብተር የምታውቁት ዓይነት ነው፣ ኤ5፣ ደረቅ ሽፋን፣ ላስቲክ ማሰሪያ፣ አንዲት ሪባን፣ ከኋላ ትንሽ ኪስ፣ ውስጡ ነጠብጣብ። ብራንዱን አልጠራም፣ የማወራው ስለ አሰራሩ ስለሆነ የናንተ ደብተር ላይም ይሰራል። "የራሷን እየሰራች የፋብሪካ ምን ያስገዛታል" ለምትሉ፣ የራሴ ላይ መጻፍ አልችልም። ያን ሁሉ ሰዓት አጎንብሼ የሰፋሁት ነገር ላይ ገብቼ "ዛሬም ምንም አልመጣልኝም" ብዬ ልጽፍበት? አይሆንማ። ሹራብ የምትሰራ ጓደኛ አለችኝ፣ የምትለብሰው የተገዛ ሹራብ ነው፣ እንግዲ በሽታው የሁላችንም ነው መሰለኝ።

ሽፋኑን ቶሎ ልለፈው። ቆዳ የሚመስል ግን ቆዳ ያልሆነ ነገር ነው፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ጥግ ጥጉ ክብ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ አይላጥም። የፊቱ ካርቶን ግን ትንሽ ወደ ውጪ ቆልመም ብሏል። ይሄ የሚመጣው ከሙጫ ነው፣ ካርቶን ላይ ከውጪ በኩል ሽፋን ሲለጠፍበት ሙጫው ሲደርቅ ወደዛ ይስበዋል፣ ከውስጥ የሚለጠፈው ወረቀት ደግሞ መልሶ ወደራሱ ይስባል፣ ሁለቱ ጉተታ ካልተመጣጠነ ካርቶኑ ወደ ጠንካራው ይጎብጣል። አሁን ላስቲኩ ጭምቅ አድርጎ ስለያዘው አይታወቅም፣ ላስቲኩ ሲረግብ ነው የምናየው።

አሁን ወደ ጀርባው። እናንተ ደብተር ስታነሱ ሽፋኑን ትዳስሳላችሁ፣ እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምናየው ከአናቱ በኩል ጀርባውን ነው፣ የደብተር እድሜ ያለው እዛ ነዋ። ከአናቱ ስታዩት ወረቀቶቹ በቡድን በቡድን ታጥፈው ከተደረደሩ ጥራዝ አላቸው ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥራዝ ነው፣ ክሩም በእጥፋቱ መሃል ለመሃል ያልፋል። እጥፋት የሚባል ነገር ሳይኖር ነጠላ ነጠላ ወረቀት ብቻ ተደርድሮ ካያችሁ ግን የያዘው ሙጫ ብቻ ነው። እሱ ሲሰራ የወረቀቱ ጀርባ በማሽን ይፋቅና ትኩስ ሙጫ ይቀባል፣ በብዛት ኢቪኤ የሚሉት ዓይነት፣ ስራው ፈጣን ነው፣ ግን ሙጫው ሲያረጅ ወይ ብርድ ሲያገኘው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዛ የልብወለዳችሁን ምዕራፍ 3 ወለል ላይ ትለቅማላችሁ። ፒዩአር የሚባል የተሻለ ሙጫ አለ፣ ይለጠጣል፣ ገጹንም አጥብቆ ይይዛል፣ ችግሩ ግን ሱቅ ቆማችሁ የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት አትችሉም። ስፌት ግን ይታያል። ደብተሩን ከፈት ከፈት አድርጉና የአንዱን ጥራዝ መሃል ፈልጉ፣ ክር ካያችሁ ተሰፍቷል፣ አለቀ።

ይሄኛው ተሰፍቷል፣ ደስ አለኝ። ስፌቱም የማሽን ስለሆነ ከኔ ቀጥ ይላል፣ ሳልወድ በግድ ነው ይሄን የምናገረው። የተሰፋ ደብተር ትልቁ ጥቅሙ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ተኝቶ መቅረቱ ነው፣ በአንድ እጃችሁ እየያዛችሁ በሌላው አትጽፉም፣ እስከ መሃሉ እጥፋት ድረስ መጻፍ ትችላላችሁ። ሲገዛ ግን ትንሽ ግትር ይላል፣ ከስፌቱ በላይ ጀርባው ላይ ሙጫና ጨርቅ ነገር ስለሚለጠፍ። እንደመጣ መሃሉን ገንጥላችሁ እንዳትከፍቱት በናታችሁ፣ ስንቱን ጀርባ ሰብሮ መጥቶ "ጠግኚልኝ" የሚል ሰው አለ። ደብተሩን በጀርባው አቁሙት፣ ሁለቱን ሽፋን አስተኙ፣ ከዛ ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ፣ ከፊት፣ ከኋላ እያላችሁ ወደ መሃል እስክትደርሱ ቀስ እያላችሁ በጣት ጫን ጫን አድርጉት። አንዴ ነው የምታደርጉት፣ ከዛ በኋላ ጀርባው እኩል ይለማመዳል።

ያልወደድኩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ ነው፣ ሽፋኑን ከውስጥ የሚይዘው ወረቀት የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀጭን የሙጫ መስመር ስለተለጠፈ ያ ገጽ ሙሉ አይከፈትም። ብዙ ፋብሪካ እንደዚ ነው የሚሰራው። እኔ ስሰራ እሱን ወረቀት ራሱን እንደ አንድ ጥራዝ አብሬ እሰፋዋለሁ፣ ጊዜ ይበላል ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይከፈታል። ሌላው ከጀርባው አናት ላይ ያለችው ባለ ሁለት ቀለም ክር፣ ቆንጆ ናት፣ ግን የተለጠፈች ጌጥ ናት እንጂ ስራ የላትም፣ በእጅ ስትሰፋ ከጥራዞቹ ጋር ተያይዛ የጀርባውን ጫፍ ታጠነክራለች። በዚች ብቻ ኮከብ አልቀንስም፣ ግን ሻጩ "ሃንድሜድ ስታይል" ብሎ ሲጽፍባት ትንሽ ደሜ ፈላ።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ እዚጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። 80 ጂኤስኤም ይላል፣ ያ ማለት አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ነው፣ ኤ0 የሚባለው ትልቁ ወረቀት 1 ካሬ ሜትር ስለሆነና ኤ4 የሱ አስራ ስድስተኛ ስለሆነ አንድ ኤ4 5 ግራም ይመጣል፣ ኤ5 ግማሹ ነው፣ 148 በ210 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ግራም ተኩል። ስለዚ 100 ቅጠል ያለው ደብተር ያለ ሽፋኑ ሩብ ኪሎ ነው፣ ቦርሳችሁን ይዛችሁ የምትዞሩ ሰዎች ይቺን ሂሳብ ያዙ። የጥራት ቁጥር ግን አይደለም! "120 ጂኤስኤም ስለሆነ ቀለም አያሳልፍም" የሚሉት ነገር ሁሌ እውነት አይደለም። ቶሞኤ ሪቨር የሚባል የጃፓን ወረቀት አለ፣ በ52 ጂኤስኤም የታወቀ፣ ሲያዩት የሚቀደድ ይመስላል፣ የብዕር ቀለም ግን ላዩ ላይ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ልዩነቱ ያለው ፋብሪካው ወረቀቱን ሲሰራ ስታርች ወይ ሌላ ውሃ የሚከለክል ነገር ማጠጣቱ ላይ ነው፣ በደንብ ከጠጣ ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ካልጠጣ ወፍራምም ቢሆን ይመጠዋል፣ የቀለም መምጠጫ ወረቀት እኮ ሆን ተብሎ ይሄ ያልገባበት ወረቀት ነው።

ይሄን ደብተር የመጨረሻ ገጹ ላይ ሞከርኩት (ሁሌ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሞክሩ)። ተራ እስክሪብቶ ምንም አይለውም፣ ቀለሙ ዘይት ያለው ወፍራም ስለሆነ የትም ወረቀት ላይ አይሰርግም። ጄል ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ስለማይደርቅ ግራኝ የሆናችሁ እጃችሁን ጠብቁ። ቀለም የሚሞላ ብዕር ላይ ቀጭን ጫፍ ካለው ንጹህ ነው፣ ወፍራም ጫፍ ሲሆን ግን ፊደሉ ዳር ዳር ላይ ቀጫጭን ፀጉር ያወጣል፣ በተለይ እንደ "ጨ" እና "ጠ" ዓይነት መስመር የሚበዛባቸው ፊደሎች ይደፈናሉ፣ በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላው ጥላው ይታያል ግን ዘልቆ አይወጣም፣ ሁለቱንም ገጽ መጠቀም ይቻላል። አልኮል ያለው ማርከር በቃ እርሱት፣ ዘልቆ ቀጣዩን ገጽም ይነካል።

አሁን እኔን በጣም ያስደሰተኝና ማንም ሪቪው ላይ የማይጽፈው ነገር፣ ግሬይን የምንለው፣ የወረቀቱ ጭረት የሚተኛበት አቅጣጫ ማለት ነው። ወረቀት በማሽን ሲሰራ ውስጡ ያሉት ጭረቶች፣ ማለት ወረቀቱ የተሰራባቸው ቀጫጭን ክሮች፣ አብዛኞቹ ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ፣ ስለዚ ወረቀት በአንድ በኩል በቀላሉ ይታጠፋል በሌላው በኩል እንቢ ይላል፣ እርጥበት ሲያገኝም የሚሰፋው ጭረቱን አቋርጦ ነው። ደብተር ላይ ጭረቱ ከጀርባው ጋር አብሮ ከላይ ወደታች መሄድ አለበት። አግድም ከሆነ ገጹ ሲገለጥ ቆሞ ይቀራል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጀርባው አካባቢ ይሸበሸባል፣ ከሙጫው ጋርም ይጣላል። ማወቅ ከፈለጋችሁ ያንኑ የመጨረሻ ገጽ ከላይ ወደታች ትንሽ ቅደዱት፣ ቀጥ ብሎ ከተቀደደ አቅጣጫው ልክ ነው፣ ዚግዛግ እያለ ወደጎን ካመለጣችሁ አግድም ነው። ሱቅ ውስጥ መቅደድ ስለማይቻል ገጹን ግልጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ በራሱ ተኛ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ይሄ ደብተር ልክ ነው፣ ገጹ ዝርግት ብሎ ይተኛል፣ የሰራው ሰው እቃውን ያውቃል።

"አሲድ የሌለው" ይላል ማሸጊያው ላይ። ይሄ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት በብዛት ከእንጨት መሰራት ሲጀምርና ቀለም እንዳይመጥ ብለው ሮዚን የሚባል የዛፍ ሙጫና አልሙኒየም ሰልፌት ሲያጠጡት ወረቀቱ ውስጥ አሲድ ተፈጠረ፣ አሲዱ ጭረቱን ከውስጥ እየቆራረጠ ያደርቀዋል፣ ለዛ ነው የዛ ዘመን መጽሐፍ ስትነኩት የሚፈረፈረው፣ ከዛ በፊት ከጨርቅ የተሰራው ወረቀት ግን ደህና ሆኖ የሚገኘው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ወረቀት አይኤስኦ 9706 የሚባል መለኪያ አለው፣ በፈረንጅ 1994 የወጣ፣ የወረቀቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፣ ከ7 በታች አሲድ ነው) ከ7.5 እስከ 10 እንዲሆንና አሲድ ቢመጣበት የሚመክትበት እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ያለ ነገር እንዲኖረው ይጠይቃል። ይሄ ደብተር ያን ቁጥር አልጻፈም፣ "አሲድ የሌለው" ብቻ ነው ያለው፣ ለመሞነጫጨሪያ ይበቃል፣ ልጆቼ ያነቡታል ብላችሁ የምትጽፉት ማስታወሻ ከሆነ ግን ቁጥሩ ያለበትን ፈልጉ። ቀለሙንም አትርሱ፣ ወረቀቱ መቶ ዓመት ኖሮ ቀለሙ ውሃ ሲነካው የሚሄድ ከሆነ ምን ዋጋ አለው፣ ፒግመንት (ውሃ ውስጥ የማይሟሟ የቀለም ብናኝ) ያለው ቀለም ውሃንም ፀሐይንም ከተራው ይበልጥ ይቋቋማል፣ ብዕር ውስጥ ግን አይድረቅባችሁ፣ ቶሎ ቶሎ እጠቡት።

ነጠብጣቡ ሳሳ ያለ ግራጫ ነው፣ ጽሁፉን አይረብሽም፣ እንደውም የቀኝና የግራ ገጹ ነጠብጣብ በአንድ መስመር መግጠሙ በእጅ ልሰራው የማልችለው ነገር ነው። ላስቲኩ ጠንካራ፣ ኪሱ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ጎኑ በጨርቅ የተያዘ፣ እኔ መርፌ አስቀምጬበታለሁ።

እንግዲ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የወሰዱት የተቆለመመው ካርቶንና ያ የማይከፈት የመጀመሪያ ገጽ ናቸው። በእስክሪብቶና በጄል ለሚጽፍ፣ ይዞ ለሚዞር፣ በቀን ብዙ ለሚሞነጭር ሰው ያለ ሃሳብ ይግዛው። በወፍራም ብዕር የምትጽፉ ያን ውሃ የሚከለክል ነገር በደንብ የጠጣ ወረቀት ያለው ፈልጉ፣ ወይ ወረቀቱን ራሳችሁ መርጣችሁ ጠራዥ ፈልጉ፣ ለራሴ ሰፈር እያስተዋወቅኩ እንደሆነ ገብቷችኋል መቼም።

አሁን ተራው የናንተ ነው፣ ለስራዬ ስለሚጠቅመኝ ነው የምጠይቀው። አንድ ደብተር ጀምራችሁ ስንተኛው ገጽ አካባቢ ነው የምትተዉት? እኔ ወፍራም ሲሆን የሚከበር ይመስለኝና ጥራዝ እጨምራለሁ፣ ሰው ግን ግማሹን ሳይጽፍ አዲስ ሲገዛ ነው የማየው፣ እንደዛ ከሆነ ቀጭን ቀጭኑን ብሰራ ይሻላል። ደግሞ ያቺን ሪባን የሚጠቀምባት ሰው አለ ወይስ በከንቱ ነው የምሰፋት?