ጂፕሰም ወይስ ፒቪሲ? ለድሬዳዋና ለሐረር ቤቶች የኮርኒስና የግድግዳ ንጽጽር

ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ወይም ሱቅ የተከራየ ወዳጅ ሁሉ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮርኒሱን ምን ላድርገው?» መልሱን በየጊዜው በስልክ ከመደጋገም በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጫለሁ። አቋሜን ከጅምሩ ልናገር። ለሳሎን፣ ለመኝታ ቤትና ለቢሮ በብረት ፍሬም ላይ የተሠራ ጂፕሰም ቦርድ (ወረቀት የለበሰ የጂፕሰም ሰሌዳ)፣ ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና ፒቪሲ (ረጅም የፕላስቲክ ሰሌዳ)፣ ለግድግዳ ደግሞ ደህና ልስንና ቀለም እመርጣለሁ። ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚሠራውን ቺፕውድ ለማንም አልመክርም፤ አንድ ጊዜ ውኃ ከነካው አብጦ ይቀራል፣ ምስጥም ይወደዋል። የአቡጀዲና የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ አቅም ሲያጥር ወይም ቤቱ የኪራይ ሲሆን የሚሠራ ነውና አልነቅፈውም፤ ሆኖም ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነውና ከዚያ እንነሣ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የግንባታ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ ስለማይቆም፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር አንባቢው ገበያ እስኪወጣ ሊያረጅ ይችላል፤ የማያረጀው የስሌቱ መንገድ ነው። ፒቪሲ የሚሸጠው በፍሬ ሲሆን ሻጩ የሚነግራችሁም የአንዱን ፍሬ ዋጋ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ርዝመቱ 5 ሜትር ከ80 የሆነ ነው፤ ወርዱ ግን 20 ሳንቲ ሜትርም 25 ሳንቲ ሜትርም ይሆናል። ባለ 20ው 1.16 ካሬ ሜትር፣ ባለ 25ቱ 1.45 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለስሌት እንዲመች ጠባቡን 600 ብር፣ ሰፊውን 700 ብር አሏችሁ እንበል። ዐይን ወዲያው ወደ 600ው ይሄዳል፤ በካሬ ሲካፈል ግን ጠባቡ 517 ብር፣ ሰፊው 483 ብር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ «ፍሬው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምንም አይጠቅምም፤ ሜትር ይዛችሁ ግቡ፣ ወርዱን ራሳችሁ ለኩ፣ ከዚያ አካፍሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቆርጦ የሚወድቀው ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ቢሆን ፒቪሲው በ5 ሜትሩ በኩል ይዘረጋና ከእያንዳንዱ ፍሬ 80 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ 20 ካሬ ለመሸፈን የ23.2 ካሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። በዚህ ላይ ዙሪያውን የሚይዘው ጠርዝና ማገናኛው ለብቻ ይሸጣል፤ ሻጩ ይህን አንሥቶ አያውቅም። ጂፕሰም ቦርዱ 1.20 በ2.40 ሲሆን አንዱ 2.88 ካሬ ይሸፍናል። ለዚያው ሳሎን በወረቀት 7 ሰሌዳ ይበቃል፤ በተግባር ግን መቆራረጡ ስላለ 8 ይገዛል፣ ብክነቱም ከፒቪሲው ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ጂፕሰሙ የሚያዘናጋው በሌላ በኩል ነው፤ ሰሌዳው ርካሽ መስሎ ይታይና ፍሬሙ፣ ብሎኑ፣ የመገጣጠሚያው ቴፕ፣ ስቱኮው (መገጣጠሚያውን ሞልቶ የሚያለሰልሰው ቅባት)፣ ቀለሙና የቀለም ቀቢው የእጅ ዋጋ ኋላ ይደመራሉ። ሁሉ ተደምሮ ከፒቪሲው ቢበልጥ አትደንግጡ። ቢበልጥም እኔ ጂፕሰሙን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ ጥገናው ነው።

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው የአክስቴ ቤት ጥሩ ማስረጃ ነው። ሳሎኑ ነጭ ፒቪሲ ነበረ፣ ያማረ ሥራም ነበረ። መብራት ሊያስተካክል ኮርኒስ ላይ የወጣ ኤሌክትሪሺያን ጉልበቱን ኮርኒሱን በሚሸከመው እንጨት፣ በሞራሌው ላይ ሳይሆን በመሐሉ አሳረፈና አንዱ ፍሬ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው አንድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ፒቪሲ ጎንና ጎኑ ጥርስና ጉድጓድ ሆኖ እየተጠላለፈ የሚገባ በመሆኑ፣ ምስማሩም በሚቀጥለው ፍሬ ሥር ስለሚሸፈን፣ የመሐሉን ለመለወጥ ከዳር ጀምሮ እየፈቱ መምጣት ግድ ነው። ሲፈታ ደግሞ በቆርቆሮ ሥር ለዓመታት የጋለው ፒቪሲ እንደ ደረቀ እንጀራ እየተፈረፈረ ጥርሱ በእጅ ላይ ቀረ። ተመሳሳዩን ፍለጋ ከቀፊራ እስከ ከዚራ ያሉ ሱቆች ተጠየቁ፤ ነጭ ሞልቷል፣ ግን አንዱ ሰማያዊ ይነካካዋል፣ ሌላው ክሬም ነው፣ ሦስተኛው ወርዱ ልክ ሆኖ ጥርሱ አይገባም። ዕቃው በጭነት መጥቶ ያልቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከሌላ ፋብሪካ ነው። መጨረሻ ላይ ሳሎኑ በሙሉ ተነሥቶ በአዲስ ተሠራ። ፒቪሲ የምትሠሩ ሰዎች ቢያንስ ሁለት ሦስት ትርፍ ፍሬ ገዝታችሁ አስቀምጡ የምለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ትርፉም የሚቀመጠው አልጋ ሥር በጥላ እንጂ ቆርቆሮ ሥር አይደለም።

ጂፕሰም ላይ ያው አደጋ ቢደርስ ባለሙያው የተጎዳውን ቦታ በቢላ አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ከውስጥ በኩል ቁራጭ ፍሬም በብሎን ያስይዛል፣ ከተረፈው ሰሌዳ ልኩን ቆርጦ ይገጥማል፣ በመገጣጠሚያው ላይ ቴፕ ለጥፎ ሁለት ጊዜ ስቱኮ ያለብሰዋል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቀለም ይቀባዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በማንኛውም የቀለም ሱቅ አለ። ሆኖም ጂፕሰም ውኃን አይችልም፤ ቆርቆሮው ማፍሰሱን ከቀጠለ ሰሌዳው መጀመሪያ ቡናማ ክብ ያወጣል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይወርዳል። ለእኔ ግን ቡናማው ክብ ራሱ ጥቅም አለው፤ የት እንደሚያፈስስ ይነግራችኋል። ፒቪሲ ውኃውን በላዩ ተሸክሞ ዝም ስለሚል፣ እናንተ ሳታውቁ የጣሪያው እንጨት ሲበሰብስ ይከርማል።

የድሬን ሙቀት ለማያውቅ ሻጭ ይህን መንገር ከባድ ነው፤ ፒቪሲ ሲሞቅ በጣም ይረዝማል። የ6 ሜትር ፍሬ የሙቀቱ መጠን በ20 ዲግሪ ሲለዋወጥ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘረጋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጪው 35 ዲግሪን በሚያልፍበት ከተማ፣ በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ከዚያ እጅግ የበለጠ ይሞቃል፤ ሌሊት ተመልሶ ይቀዘቅዛል። አናጢው ጫፉን ግድግዳው ላይ ጥብቅ አድርጎ ከገጠመው መሄጃ ስለሚያጣ መሐሉ ይጎብጣል፣ ሆድ ያወጣል። ስለዚህ ፒቪሲ የግድ ከሆነ በየጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት በጠርዙ ውስጥ እንዲተው ቆማችሁ አሠሩ። በነገራችን ላይ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ፒቪሲም ጂፕሰምም አይደለም፤ የታፈነው ትኩስ አየር መውጫ ሲያገኝ ነው። ከጣሪያው ሥር በሁለቱ ጎን ግድግዳዎች ላይ ወንፊት የተመታበት መተንፈሻ ማስቀረት ከሁሉም ዕቃ የበለጠ ለውጥ ያመጣል፣ ዋጋውም ኢምንት ነው።

ቬንትሌተር የሌለው ድሬ ቤት ስለሌለ ይህንንም ልጨምር። የጣሪያ ቬንትሌተር በምንም ዓይነት በኮርኒሱ ላይ አይንጠለጠልም፤ መያዣው ኮርኒሱን በስቶ ከጣሪያው ጠንካራ እንጨት ወይም ከኮንክሪቱ መታሰር አለበት። ይህ ካልሆነ ንዝረቱ የጂፕሰሙን መገጣጠሚያ ይሰነጥቃል፣ ፒቪሲውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጫቅጭ ያድራል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ መውደቁ ነው። ከሰል በሚነድበትና ዕጣን በሚጨስበት መጅሊስ (የእንግዳ መቀመጫ ክፍል) ደግሞ ፒቪሲ ከጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፣ በሳሙናም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጂፕሰሙን ለዒድ ወይም ለመስቀል አንድ ጊዜ ቀለም ታስነኩታላችሁ፣ አዲስ ይሆናል። እሳትን በተመለከተም ጂፕሰም በውስጡ በተፈጥሮ የያዘው ውኃ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል በመሆኑ እሳት እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም፤ ፒቪሲ ግን ሲቃጠል ጉሮሮ የሚቆርጥ አሲድነት ያለው ጭስ ያወጣል።

አሁን ስለ አስመሳይ ዕቃ። የፒቪሲ ዋጋ ሲወርድ ብዙ ጊዜ የወረደው ጥራቱ ነው፤ ፋብሪካው ፕላስቲኩን ቀንሶ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ያበዛበታል። እንዲህ ያለው በመልክ አይለይም። ጥርሱን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ እጠፉት፤ ደህናው ይጎብጣል፣ መናኛው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሻጩ ቢቆጣም ከቁራጭ ናሙና ላይ ይህን ሳታደርጉ ገንዘብ አታውጡ። ቀጥላችሁ ፊቱን በአውራ ጣት ተጫኑ፤ በውስጡ ያሉት ክፍልፋዮች የተራራቁ ከሆኑ ይሰረጉዳል። ውፍረቱ «8 ሚሊ» የተባለውንም ለኩ፣ 6 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በጂፕሰም ቦርድ በኩል የማየው ጠርዙን ነው፤ ጠርዙ የተፈረፈረ፣ ወረቀቱ ከጥፍር ጋር የሚነሣ፣ ወይም እርጥበት ያገኘው ሰሌዳ ከደርዘኑ መሐል ተደብቆ ይመጣል። 9 ሚሊውን 12 ነው ብሎ መሸጥም አለ። ፍሬሙ ላይ ደግሞ ማታለሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ከተሸፈነ በኋላ ማንም አያየውም። በሁለት ጣት ተጭናችሁ የሚጣመም ካናል (የፍሬሙ ብረት) አትቀበሉ፤ በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት መተከል የሚገባውን ባለሙያው ዕቃ ለመቆጠብ በ60 ሲተክለው ደግሞ ቀጭኑ ሰሌዳ በዓመቱ ወደ ታች ይረግባል። ብሎኑ የጂፕሰም ብሎን ይሁን፤ ተራ ምስማር ከገባ ዝገቱ በቀለሙ ላይ ነጥብ ነጥብ እያለ ይወጣል።

ብረት ፍሬም ተወደደብን የሚሉ ሰዎች በእንጨት፣ ማለትም በሞራሌና በቀጭኑ ሊስቴሎ ያሠራሉ። በምስጥ በተመታ ሰፈር ይህ ቁጠባ አይደለም። ምስጡን ለመከላከል እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ ለፒቪሲም ችግር የለውም፤ ጂፕሰም በላዩ ከተመታ ግን ዘይቱ በወረቀቱ አልፎ ቀለሙ ላይ የሞራሌውን ቅርጽ በቡናማ ይሥላል። እንጨት የግድ ከሆነ ዘይቱ ሳይሆን የምስጥ መድኃኒት ይቀባ፣ በደንብም ይድረቅ።

ስለ ግድግዳ ብዙ መከራከር አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሰሞኑን የተስፋፋው እብነ በረድ የሚያስመስለው ፕላስቲክና የግድግዳ ፒቪሲ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ጨው የሚተፋ ወይም እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ለመሸፈን ነው። ሸፈነው ማለት አዳነው ማለት አይደለም። እርጥበቱ ከኋላ ታፍኖ ይሻግታል፣ ምስጡም የጭቃ መንገዱን ማንም ሳያየው እስከ ኮርኒሱ ይወስደዋል። የረገበውን ልስን አንሥቶ፣ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ አግኝቶ፣ በሲሚንቶ መልሶ ለስኖና ደርቆ ሲያልቅ ቀለም መቀባት ይሻላል፤ በካሬ ቢሰላም ከፕላስቲኩ የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። በድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ዳር ያላችሁ ሰዎች ክፍል ለመክፈል ጂፕሰም ቦርድ ከተጠቀማችሁ የታችኛውን ክፍል በብሎኬት ጀምሩት፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ሐረር ላይ ደግሞ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ነባር ቤት ያለው ሰው ከፒቪሲ ይጠንቀቅ። በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ በኖራ የተቀባ ግድግዳ የሚኖረው እየተነፈሰ ነው፤ በፕላስቲክ ሲታፈን ጭቃው ውስጥ ለውስጥ ይፈታል። የተጋደመው የእንጨት ጣሪያም ራሱ ጌጥ ስለሆነ ኮርኒስ አያስፈልገውም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ፣ ማንኛውንም ነገር ከመምታታችሁ በፊት የቅርስ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ይገባል። ከጀጎል ውጪ በአዳዲሶቹ ሰፈሮች ግን ሐረር ከድሬ ስለሚቀዘቅዝ የፒቪሲው መለጠጥ ያን ያህል አያስቸግርም፤ እዚያ ፒቪሲን የሚመርጥ ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

ለሱቅና ለቢሮ ፍርዴ ትንሽ ይለያል። ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ተከራይቶ ውሉ የዓመት ብቻ የሆነ ነጋዴ ጂፕሰም ሠርቶ ለባለቤቱ ትቶ ከሚሄድ፣ ፈትቶ ቢያንስ ግማሹን የሚወስደውን ፒቪሲ ቢሠራ ምክንያቱ ይገባኛል። ለቢሮ ግን የኤሌክትሪክና የኔትወርክ ገመድ በየጊዜው ስለሚጨመር እየተነሣ የሚመለሰው ባለ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ኮርኒስ ከሁለቱም ይሻላል፤ አንድ ቁራጭ ቢበላሽ ያቺው ትለወጣለች። ድርጅት የሚገዛ ሰው «ይህ ያለ ደረሰኝ ነው» በሚባለው ዋጋ እንዳይታለል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲደመር ርካሹ ሱቅ ከጎረቤቱ የሚወደድበት ጊዜ አለ።

መጓጓዣውንም ቀድማችሁ አስቡት። ፒቪሲ በባጃጅ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ጫፉ መንገድ እየመታ ይሰነጠቃል። የ12 ሚሊ ጂፕሰም ሰሌዳ እያንዳንዱ ከ20 ኪሎ በላይ ነውና በአይሱዙ ጠፍጣፋ ተኝቶ መጫን አለበት። ከድሬ ገዝታችሁ ወደ ሐረር የምታወጡ ከሆነ የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ያልታሰረን ሰሌዳ ጠርዝ በሙሉ ይፈረፍረዋል፤ የተሰበረው በማን ሒሳብ እንደሆነ ከሾፌሩ ጋር ሳትጭኑ ተነጋገሩ። ከባለሙያው ጋር ስትዋዋሉም በካሬ ተዋዋሉ እንጂ በጥቅል አትስማሙ፤ ቴፕ፣ ስቱኮና ብሎን የማን እንደሆነ፣ ስቱኮው ስንት ጊዜ እንደሚለበስ፣ የፍሬሙ ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር መሆኑ በወረቀት ይስፈር፣ ቀሪው ሒሳብም ሰሌዳው ከመመታቱ በፊት ፍሬሙን በዐይናችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ ይከፈል።