ልዩነትን ይበልጥ የሚያበዛው የቱ ነው፤ የክሮሞሶሞች ዕጣ ወይስ የቁራጮች ልውውጥ?

ሚዮሲስ የተባለው የሴል ክፍፍል የወንድ ዘር ሴልንና እንቁላልን ሲሠራ ዘረመልን በሁለት መንገድ ያደባልቃል።

ዕጣው፦ ከእያንዳንዱ የክሮሞሶም (ዘረመልን የተሸከመ ክር) ጥንድ የእናት ወይም የአባት ቅጂ ይደርሳል፤ አንዱ ጥንድ ሌላውን አይጠብቅም። የሰው 23 ጥንዶች በዚህ ብቻ 8,388,608 ዓይነት ስብጥር ይሰጣሉ። ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል።

ልውውጡ፣ ማለትም ክሮሲንግ ኦቨር፦ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ሳሉ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ተቆርጠው ይቀያየራሉ። ከእናታችን የወረስነው አንድ ክሮሞሶም ከፊሉ ከወንድ አያታችን፣ ከፊሉ ከሴት አያታችን የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስጋቱስ? በዕጣው ጊዜ ጥንዱ ሳይለያይ ከቀረ የክሮሞሶም ቁጥር ይዛባል፤ ዳውን ሲንድሮም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይመጣል። ልውውጡ ከተዛነፈ ደግሞ ጂን ይደገማል ወይም ይጎድላል። ይሁንና ልውውጡ ጥንዱን አያይዞ በማቆየት በትክክል እንዲለያይ ያግዛል፤ ይህን ብዙ ተማሪ ይዘነጋዋል።

ሁለት ጂኖች በተለያዩ ክሮሞሶሞች ላይ ካሉ ዕጣው ይበቃቸዋል። በአንድ ክሮሞሶም ላይ ተጠጋግተው ከተቀመጡ ግን የሚነጣጥላቸው ልውውጥ ብቻ ነው። ልውውጥ በማይካሄድበት ወንድ የፍራፍሬ ዝንብ፣ 4ቱ ጥንዶች የሚሰጡት 16 ስብጥር ብቻ ነው።