የአጥንት ስካን ለታዘዘላችሁ፦ እሷ ጋ ሂዱ

ስለ አንዲት የኒውክሌር ሕክምና ቴክኖሎጂስት፣ ማለትም ጨረር ያለው መድኃኒት ወግታ የሰውነትን ምስል ስለምታነሳ ባለሙያ ነው የምጽፈው። «ስሜን አታንሳ» ስላለች ትቼዋለሁ፤ የምትሠራበትን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ከየቦታው የሚመጣውን ምስል ለሚያነብ ሐኪም ነገሩ ያንገበግባል። መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ክንድ ላይ ቀርቷል፤ የትኛው ክንድ እንደተወጋ እንኳ አልተጻፈም። ሌላው ላይ ታይሮይድና ጨጓራ ደምቀው ይታያሉ። ጨረር የሚሰጠው ቴክኒሺየም ወደ አጥንት ከሚወስደው ኤምዲፒ ጋር በቅጡ አልተያያዘም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ብልቃጡ ውስጥ አየር ሲገባ የሚመጣ ጣጣ ነው። ፈትሾ መድፋት ሲገባ ለሰው ተሰጠ። ከዚያ «ይደገም» ይባላል፤ ዳግም ጨረር የሚወስደው ምስኪኑ ታካሚ ነው።

እሷ ጋ ይህ የለም። ጠዋት ሰው ሳይገባ የመድኃኒቱን የጨረር መጠን የሚለካውን ዶዝ ካሊብሬተር መጠኑ በታወቀ የጨረር ምንጭ፣ በሲዚየም-137፣ ትፈትሻለች፤ ካሜራው በሁሉም በኩል እኩል መቁጠሩን ታያለች። ከጀነሬተሩ (ቴክኒሺየም ከሚቀዳበት ዕቃ) በቀዳችው ቴክኒሺየም ውስጥ ሞሊብዲነም (ቴክኒሺየም የሚፈልቅበት ንጥረ ነገር) አምልጦ እንደሆነ ሳትለካ ምንም አታዘጋጅም፤ በአንድ ሚሊኪዩሪ ቴክኒሺየም ከ0.15 ማይክሮኪዩሪ (ሁለቱም የጨረር መጠን መለኪያ ናቸው) ካለፈ ለማንም አትሰጠውም። የምትወጋው ከሚያመው ወገን በተቃራኒው ክንድ ነው፤ መስመሩን በሴላይን (በጨው ውሃ) ታጥባለች፣ ክንዱንም ትጽፋለች። ዲቴክተሩን (ጨረሩን የሚቀበለውን የካሜራውን ክፍል) ደግሞ ሰውነት ሊነካ እስኪደርስ ታስጠጋዋለች፤ በራቀ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛላ!

አንድ አዛውንት ጭናቸው አካባቢ ጥቁር ነጥብ ታየ። ከፊት ለፊት ብቻ ቢነሳ የካንሰር ሥርጭት ተብሎ ይነበብ ነበር። ከጎን ስታነሳው ነጥቡ ከአጥንቱ ውጭ ሆነ። የሽንት ጠብታ ነው፤ መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ ልብስ ላይ ያረፈ ጠብታ ሁሉ ምስሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ልጃቸውን በዘዴ ውጭ አስቆይታ፣ «አባባ፣ ይቺን ጋውን ይቀይሩልኝ» ብላ ቆዳቸውን አሳጠበችና ደግማ አነሳች። ነጥቡ የለም። ሳያፍሩ፣ ሳይደነግጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!

ሂዱ፣ አትጠራጠሩ። ከመርፌው በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ትጠብቃላችሁ፤ እስከዚያ ውሃ ጠጡ፣ ካሜራው ላይ ከመተኛታችሁ በፊት ሽንታችሁን ሽኑ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ካለች ከመወጋቷ በፊት ትንገራት። በቀጠሯችሁ ሰዓትም ድረሱ፤ የቴክኒሺየም-99ኤም (የዚሁ ቴክኒሺየም) ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው፣ ማለትም ጨረሩ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የተቀዳው መርፌ እናንተን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ብትዘገዩ እንደ አዲስ ለክታ ታዘጋጃለች፤ ግን በከንቱ አታድክሟት።