ማርቆስ ሃንድአውት የምታስጠርዙ ልጆች ይቺን ቤት ሞክሯት

ሰላም ማርቆሶች፣ በተለይ ኤክስቴንሽን የምትማሩ። መጀመሪያ የሶሲዮሎጂ ሃንድአውቴን ያስጠረዝኩት ሌላ ቤት ነበር፣ ማታ ገልጬ ሳነብ ከገጽ 41 ቀጥሎ 50፣ መሃሉ የለም፣ የጎደለው ደሞ የሶሲዮሎጂ ሊቁ የዱርካይም ክፍል ነው፣ ፈተናው ቅዳሜ። ስመለስ "ከእጃችን ከወጣ አያገባንም" አሉኝ፣ በጣም ነው የከፋኝ።

ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብላ ያለችው ጠባቧ ፎቶኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ አውራ ጣቷን እርጥብ ስፖንጅ እያስነካች ገጽ በገጽ ቆጠረችልኝ፣ 46 ላይ ቆም አለችና "ወንድምዓለም ይሄ ደብዝዟል፣ ድጋሚ ላውጣልህ" ብላ አወጣችው፣ ለሱ ብር አልተቀበለችኝም። መብራት ጠፍቶ ጠብቄያለሁ፣ እሱ የሷ ጥፋት አይደለም። ስፓይራሉ ጠንካራ ነው ዋጋውም እንደሌሎቹ ነው።

እነዛን ገጾች ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ኤሚል ዱርካይም በ1858 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፈረንሳይ ኤፒናል የተወለደ የረቢ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ልጅ ነው፣ አያቱም ረቢ፣ እሱ ግን አስተማሪ ሆነ፣ ከ1887 ጀምሮ ቦርዶ አስተማረ። በ1893 ባሳተመው የሥራ ክፍፍል መጽሐፉ ሰው በሁለት መንገድ ይተሳሰራል ይላል፣ አንዱ በመመሳሰል ነው፣ ደምበጫ አባቴ ወንፈል ሲወጣ ዛሬ የኛን ጤፍ ነገ የጎረቤትን፣ ሁሉም አጨዳውን ያውቃል ሁሉም በአንድ ቃል ያድራል። ሌላው በመለያየት ነው፣ እኔ ማሽኑን አላውቀው እሷ የኔን ትምህርት አታውቀው ግን ያለሷ ፈተናዬን አልወስድም። ከሁሉ የያዘኝ ደሞ ውል ብቻውን አይበቃም ያለው ነው፣ ከውሉ ጀርባ ማንም ያልፈረመበት ግን ሁሉም የሚያከብረው ደንብ ከሌለ ውሉም አይቆምም፣ ያ ደንብ ሲላላ አኖሚ ይለዋል። እኔም ገጽ ቁጠሩልኝ ብዬ ከማንም አልተዋዋልኩም፣ እሷ ግን ቆጠረች።

ሃንድአውቱ ላይ ቅር ያለኝ ስለ ሰውየው ኑሮ ማሳጠሩ ነው። ልጁ አንድሬ በ1915 አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ሞተ፣ ሐዘኑ በጣም ጎድቶት እሱም በ1917 በ59 ዓመቱ አረፈ፣ ስለ ሰው ከሰው መተሳሰር ዕድሜውን የጻፈ ሰው እንዲህ ሲሆን በአንድ መስመር አይታለፍም ነበር።

ቤቷ እሁድ ዝግ ናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ አለ። ፋይላችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ጠዋት ሂዱ፣ እኔ ቀጣዩን ሞጁል እዛው ነው የማስጠርዘው።