ደሴ ፍርድ ቤት አጠገብ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ፦ የታሰረ ቤተሰብ ያላችሁ አንብቡት

ስለ ጽህፈት ቤት አስተያየት ጽፌ አላውቅም ግን ይሄን ሰውዬ ሳላመሰግን ማለፍ ከበደኝ። ደሴ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ነው፣ አንድ ኮምፒውተር አንድ ፕሪንተርና አንድ አግዳሚ ወንበር ያለባት ጠባብ ክፍል ናት፣ ሰዉ ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው፣ ስሙን ሳይፈቅድልኝ አልጽፍም።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ከስራ ሲወጣ ተያዘ። በሽብር ተጠርጥሮ ነው አሉን፣ በቃ ሌላ የነገረን የለም። የት እንዳለ ለማወቅ ብቻ 3 ቀን ፈጀብን፣ ካወቅን በኋላም ምሳውን እናቀብላለን ባዶ ሳህኑ ይመለስልናል እሱን ግን አናየውም፣ ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ ስንል "እየተጣራ ነው" ይሉናል። በ9ኛው ቀን እናቴ እህል አልቀምስ ስትል እኔም የሀረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ።

ሌሊት በስልኬ የጻፍኩትን ለጋሼ ሰጠሁት፣ ወንድሜ ጨዋ እንደሆነ፣ እናቱን የሚጦረው እሱ እንደሆነ፣ ብቻ ያለኝን ሁሉ ነበር የጻፍኩት። አንብቦ ሲጨርስ "አብሽሪ እህቴ" አለኝና "ወንድሜ ንጹህ ነው" የምትለዋን አረፍተ ነገር አወጣት። ደሜ ፈላ። እሱ ግን ቀስ ብሎ "ለሱ ሌላ ቀን አለው፣ የዛሬው ጥያቄ ያሰረው አካል ልጁን ይዞ ይቅረብና በምን ህግ እንዳሰረው ለዳኛ ይንገር ነው፣ ይቺን ካበዛንባት ትጠፋለች" አለኝ። 4 ገጽ የነበረው 1 ገጽ ከግማሽ ሆነ።

ይሄ ነገር አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይባላል፣ እኔ እስከዛን ቀን ስሙንም አልሰማሁም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው፣ ካልቀረበና ምክንያቱ ካልተገለጸ ደግሞ አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን የመጠየቅ መብት አለው። በሽብር ከተጠረጠረ በስተቀር የሚል የለበትም። አቤቱታው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ስነ ስርዓት ህግ ቁጥር 177 ላይ ነው ያለው፣ ታሳሪው ራሱ ቃለ መሃላ መስጠት ካልቻለ ሌላ ሰው ይሰጥለታል፣ እኔ ነኝ የማልኩለት።

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ "በሽብር ለተያዘ ሰው ደግሞ ምን መብት" አለ። አልተቀየምኩትም፣ በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሱቁ ባዶ ቀርቷል፣ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ክሱ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ እኮ ነው ስህተቱም የሚከብደው፣ አንድ ሰው ጠቁሞበት ቢሆንስ፣ ስም ተመሳስሎ ቢሆንስ፣ ማን ይለየዋል ዳኛ ካላየው? ጋሼ እየተየበ የቡመዲንን ነገር አነሳለት፣ ጓንታናሞ በሚባለው የአሜሪካ እስር ቤት የነበረውን። ከቦስኒያ ተወስዶ ከ2002 ጀምሮ ታስሮ የነበረ ሰው ነው፣ በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምጽ እዛ የታሰሩትም እስራቸውን ፍርድ ቤት መቃወም ይችላሉ አለ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከዛ የስር ዳኛው የሱንና አብረውት የተያዙትን፣ በጠቅላላው የ6 ሰዎችን ማስረጃ አየ፣ 5ቱ ይፈቱ አንዱ ይቆይ ብሎ ወሰነ። አንዱ ይቆይ መባሉን ልብ በሉልኝ፣ መብቱ በር ከፍቶ ሁሉንም መልቀቅ አይደለም። የኛም ህገ መንግስት ለፍትህ ሲባል አስፈላጊ ከሆነ ዳኛው በእስር ይቆይ ማለት ይችላል ይላል።

በነጋታው መዝገብ ተከፈተ፣ መጥሪያ ወጣ፣ በቀጠሮው ቀን ወንድሜን ይዘውት መጡ። አልተፈታም፣ የምርመራ ጊዜ ተጠየቀበትና ተፈቀደ። ግን ዳኛው በምን እንደጠረጠሩት ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁ፣ እናቴም አየችው፣ ጺሙ አድጓል፣ ያ የታሰረ ቀን የለበሰው ሰማያዊ ሸሚዝ አሁንም ላዩ ላይ ነው። ያን ቀን ማታ እናቴ እንጀራ ቀመሰች።

የማይመቸውን ልናገር ደግሞ። የአያታችንን ስም ተሳስቶ ጽፎት ሬጅስትራር መልሶኛል፣ ያለ ተጨማሪ ብር አስተካክሎልኛል ግን ግማሽ ቀን አለፈብኝ፣ የሱ ወረፋም ረጅም ነው፣ መብራት ከጠፋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ከነቃለ መሃላውና ኮፒው 500 ብር ከፈልኩ፣ ቴሌብር ይቀበላል። ስትሄዱ መታወቂያችሁን፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ሲያዝ ያየ ሰው ካለ ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ስሞቹንም ሳትፈርሙ ፊደል በፊደል እዩዋቸው።