በቤታችን ላይ ከመበደራችን በፊት ውሉን በአማርኛ ላስረዱን አማካሪ የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦

እኔና ባለቤቴ በቤታችን ላይ ሁለተኛ ብድር ለመውሰድ በተዘጋጀንበት ወቅት የውሉን እያንዳንዱን ገጽ በአማርኛ እያብራሩ ላስረዱን የቤት ብድር አማካሪ እህታችን ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም፤ ሥራቸው ግን ሊነገርላቸው ይገባል።

ያሰብነው ብዙዎቻችሁ የምታስቡትን ነው። የቤታችን ዋጋ ጨምሯል፣ የቀረብን ዕዳም ቀንሷል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት፣ ማለትም በኢኩዊቲው፣ ተበድረን አዲስ አበባ ውስጥ በመሠራት ላይ ላለ አፓርታማ ቅድሚያ ክፍያ ልንከፍል ነበር። ብድሩን ያቀረበልን ሠራተኛ የነገረን ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ነው።

አማካሪዋ ከሁሉ አስቀድመው ያስገነዘቡን ኢኩዊቲ ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ አለመሆኑን ነው። በእሱ ላይ የሚወሰደው ብድር ሁለተኛ ሞርጌጅ፣ ማለትም በቤት መያዣነት የሚሰጥ ብድር፣ ነው፤ መያዣውም የምንኖርበት ቤት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሞርጌጅ በየወሩ ብንከፍል እንኳ ሁለተኛውን ካቋረጥን ቤቱ በፎርክሎዠር፣ ማለትም አበዳሪው ዕዳውን ለማስመለስ መያዣውን በሚወስድበት ሂደት፣ ሊሸጥ ይችላል። የአዲስ አበባው ግንባታ ቢጓተት ወይም ብር ቢረክስ እዚህ ያለብን የዶላር ዕዳ አይቀንስም። ይህን ሁሉ ሲያስረዱን ውሰዱም አትውሰዱም አላሉንም፤ ውሳኔውን ለእኛ ትተዋል፤ እኔ በበኩሌ ከምንም በላይ ያከበርኩላቸው ይህንን ነው።

ቀጥለውም በሆም ኢኩዊቲ ሎንና በሂሎክ መካከል ያለውን ልዩነት አብራሩልን። የመጀመሪያው ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት ሲሆን ወለዱም አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ነው። ሂሎክ ግን እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ እንደ አስፈላጊነቱ የሚወጣ፣ ወለዱም ብዙውን ጊዜ ከገበያው ጋር የሚዋዥቅ ብድር ነው፤ ገንዘቡ በሚወጣባቸው ዓመታት፣ በብዙ ውሎች ለ10 ዓመት፣ ወለዱን ብቻ መክፈል ስለሚቻል ቀላል ይመስላል፤ ጊዜው ሲያበቃ ግን ዋናው ገንዘብ ስለሚጨመርበት ወርሃዊው ክፍያ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ለእኛ የቀረበልን ይኸው ሂሎክ ነበር።

ስለ መጀመሪያው ሞርጌጅም በስሌት አሳዩን። 300,000 ዶላር በ6 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት የተበደረ ሰው ከግብርና ከኢንሹራንስ ውጭ በወር ወደ 1,799 ዶላር ይከፍላል፤ በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 1,500 ዶላሩ ለወለድ ሄዶ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 299 ዶላር ገደማ ብቻ ነው።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር። አንደኛው፣ በ1968 በወጣው የብድር ግልጽነት ሕግ መሠረት፣ በመኖሪያ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ብድር የፈረመ ሰው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ በጽሑፍ አሳውቆ ውሉን ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል፤ ለዚህ አቆጣጠር ቅዳሜም የሥራ ቀን ነው። ይህ መብት ቤት ለመግዛት የሚወሰደውን ብድር አይመለከትም። ሁለተኛው፣ ወለዱን የፌዴራል ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ማስቀነስ የሚቻለው ገንዘቡ ለብድሩ መያዣ የሆነውን ቤት ለመግዛት፣ ለመሥራት ወይም በጉልህ ለማሻሻል ከዋለ ብቻ ስለሆነ፣ ለአዲስ አበባው አፓርታማ አይሠራም።

እኛ ሂሎኩን ትተን ለጣሪያችን እድሳት ብቻ የሚበቃ፣ ወለዱ ቋሚ የሆነ አነስተኛ ብድር ወሰድን።

እንዲህ ያለ አማካሪ የምትፈልጉ፣ ሃድ በሚባለው የፌዴራል የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ዕውቅና የተሰጣቸውን የምክር ድርጅቶች በ800-569-4287 ደውላችሁ ጠይቁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ባይገኝ አስተርጓሚ ጠይቁ። በተለይ ክፍያ የተጓደለባችሁ አትዘግዩ፤ በአብዛኛው አበዳሪው የፎርክሎዠር ሂደት መጀመር የሚችለው ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ሲዘገይ ስለሆነ መፍትሔ የሚፈለገው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለዚህ የሚሰጠው ምክርም ነፃ ነው። ስትሄዱ የሞርጌጅ መግለጫችሁን፣ የደመወዝ ወረቀታችሁንና ያልተፈረመውን ውል ይዛችሁ ሂዱ።